ጣና ደጃችን ቢሆንም ለሽሪምፕ ገንዳ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባሕር ዳር ላይ አኳሪየም ልጀምር የሚል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጄሪካን ይዞ ወደ ሐይቁ መውረድን ነው። ውሃው እዚሁ፣ አሸዋው እዚሁ፣ የውሃ ውስጥ ሣሩ እዚሁ፤ ምን ጎደለ? ለሽሪምፕ፣ ለዚያ ቅርፊት ለበስ ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ከሆነ ግን ሁሉም ባለበት ይቆይ። ከሐይቁ ወደ ገንዳው ምንም አይግባ፣ ከገንዳውም ወደ ሐይቁ ምንም አይውጣ። ምክንያቱንና በምትኩ የሚደረገውን ቦታ ከፈቀዳችሁልን እንጻፍ።

ሽሪምፕ ስንል ለጀማሪ የሚስማማውን ቀዩን ቼሪ ሽሪምፕ ማለታችን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ፣ አገሩ ምሥራቅ እስያ። ቢያድግ 3 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ዕድሜውም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት። ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚችል በእኛ አየር ማሞቂያ መግዛት የከንቱ ወጪ ነው። የሚጎዳው የሙቀቱ መዋዠቅ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር መስኮት ሥር ያለ ገንዳ ሌሊት ቀዝቅዞ ያድርና ከሰዓት ይሞቃል። ፀሐይ የማያገኘው የውስጥ ግድግዳ ይመረጥ።

የሐይቁ ውሃ ለምን አይሆንም? ሽሪምፕ የነፍሳት ዘመድ ነው። ለተባይ የተሠራ መርዝ እሱንም ይገድለዋል፣ ያውም ዓሣ ምንም ሳይሆን በሚዋኝበት መጠን። በጣና ዙሪያ አትክልቱም ጫቱም ይረጫል፤ ክረምት ላይ ጎርፉ ይዞ የሚገባው ደለል ብቻ አይደለም። ሌላው ቀንድ አውጣ ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሐይቁ ዳርቻ ይገኛል፤ ከሣሩ ጋር ተጣብቆ ሳሎን ከገባ በኋላ ገንዳ የሚያጸዳ ሰው እጁን የሚነክረው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ ጫጩቱ እንኳ፣ ከሽሪምፕ ጋር አይቀመጥም፤ ቀለቡ ያደርገዋል።

ገንዳው 50 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 40 ሊትር ግድም ይይዛል። ከዚህ ያነሰው ርካሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ ውሃ ቶሎ ስለሚበላሽ ለጀማሪ ይከብዳል። መስታወት ቤት ስታሠሩ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ሲሊኮኑ ግን ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓይነት እንዳይሆን። ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሽታ እስኪጠፋ ይቆይ፤ ሁለት ቀን ያነሰው ነው። ውሃው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ተደምሮ ወደ 60 ኪሎ ስለሚጠጋ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አይጫንም። ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ፎም ይነጠፍለት።

ለወለሉ ሬድ አሽ የምንለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጥሩ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። ዘይትና አስፋልት ያልነካው ተመርጦ፣ እጣቢው እስኪጠራ ታጥቦ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደልደል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን፤ ሌላው ማጣሪያ ግልገሎቹን ይስባቸዋል። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይታሰብ። 1,800 ሜትር ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ የግድ ነው። ፓምፑን ከውሃው ደረጃ በላይ ስቀሉት፣ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አስገቡ። አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው በቱቦው ወርዶ ፓምፑን ያቃጥላል፣ ምንጣፉንም ያርሳል። መብራቱ ለሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ ምግብ አትስጡ፤ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ።

ወደ ውሃው እንምጣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሳይከደን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቀመጥ ይተናል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ዝገት ያለበት ስለሆነ ይፍሰስ። ውሃ አጋር የተጨመረበት የመጠጥ ውሃ አይሆንም፣ እሱም ክሎሪን ነው። በረኪናና ሳሙና የነካው ባልዲም እንዲሁ፤ ለገንዳው ብቻ የሚሆን አንድ ባልዲ ለይቶ መያዝ ነው። የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ ከጣሪያ የሚቀዳ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ይሳሳታል፤ ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ነው፣ ዚንክም እንደ መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ዝናብ የፈለገ ሰሐን ግቢ መሐል ያስቀምጥ። የሚተነውን ለመተካት እንዲህ ያለ ማዕድን የሌለው ውሃ ይመረጣል፤ ውሃው ይተናል እንጂ ማዕድኑ ስለማይተን በቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ ገንዳ ማዕድን እየበዛበት ይሄዳል። ለአብዛኛው ሳምንታዊ ቅያሬ ግን የቧንቧው ይሻላል፤ ሽሪምፕ ቅርፊቱን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ ጨርሶ ማዕድን የሌለው ውሃ አይስማማውም።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚያስቸግረው ትዕግሥት ነው። ገንዳው ተሞልቶ ፓምፑ እየሠራ፣ ሽሪምፕ ሳይገባበት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። በመመርመሪያ ጠብታ ሲታይ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ፣ ናይትሬቱ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ሲሆን ነው ገንዳው የደረሰ። መመርመሪያ ያላገኘ ሰው 8 ሳምንት ይጠብቅ፤ መስታወቱ ላይ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ አልጌ ሲይዝ ጥሩ ምልክት ነው። ያ አልጌ አይፋቅ፣ የሽሪምፑ ማዕድ እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን አለቁብኝ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የዘለለው ይህንን ነው።

ሲገቡ ከ10 እስከ 15 ይበቃሉ። ለማላመድ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን አዲስ የግሉኮስ ቱቦ የሚያህል መሣሪያ የለም፤ ፍጥነት መቆጣጠሪያው አብሮት አለ። የመጡበትን ውሃ ከነሱው ሰሐን ውስጥ አድርጉና ከገንዳው ውሃ በሴኮንድ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ጣሉበት። ግማሽ ሊትር የነበረው በሁለት ሰዓት አንድ ተኩል ሊትር ግድም ይሆናል። ከዚያ በመረብ ሽሪምፖቹ ብቻ ይግቡ፣ ውሃው አብሮ አይግባ።

ምግብ ማብዛት ከማሳነስ ይልቅ ይገድላል። በየሁለት ቀኑ ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ቆስጣ ወይም ዝኩኒ ትበቃለች፤ ቆስጣው የተረጨበት መድኃኒት እንዲለቅቀው በደንብ ይታጠብ፣ ሁለት ደቂቃ ይቀቀል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተረፈው ይውጣ። የደረቀ የዘይቱን ቅጠል አንድ ሁለት ጣል ቢደረግ ለሳምንታት ይግጡታል፤ ግቢ ውስጥ ካለና መድኃኒት ካልተረጨ ነጻ ምግብ ነው።

ውሃ በሳምንት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 4 ሊትር ያህል ይቀየር፤ በተመሳሳይ ሙቀት፣ በቀስታ። ብዙ ውሃ ባንዴ ከተቀየረ ሽሪምፑ ቅርፊቱን ያለ ጊዜው ለመጣል ይገደዳል። ይህን የሚለይ ምልክት አለ፦ ከራሱ ኋላ፣ ጭንቅላቱና ጀርባው በሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ይታያል። ቅርፊቱ ከላይ መከፈት ሲገባው ዙሪያውን ተሰንጥቆ ስለማይወጣለት ያው ሽሪምፕ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ወለል ላይ ያገኛችሁት ባዶ፣ ጥርት ያለ ቅርፊት ከሆነ ግን አትደንግጡ፤ እሱን ተውት፣ ለካልሲየሙ ይበሉታል። ሬሳ ከሆነ ድፍን ያለ ሮዝ ነው፣ ይወጣል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ የሚያጥብ ሰው የስድስት ሳምንት ድካሙን በአንድ ደቂቃ ያጥባል፤ ከገንዳው በወጣ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ነው።

ለወባ አካባቢ ነዋሪ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ቤት ሲረጭ ወይም የትንኝ መግደያ ሲነፋ የአየር ፓምፑ ከክፍሉ አየር ስቦ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አታብሩት።

ሁሉ ነገር ከተስማማ ሴቷ ከሆዷ ሥር ከ20 እስከ 30 እንቁላል ታቅፋ ትታያለች፣ በአንድ ወር ገደማ ይፈለፈላሉ። ከዚያ መብዛት ነው። የበዛውን የሚወስድ ሰው ከጠፋ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይሻላል እንጂ ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ጽድቅ አይደለም። ይኸው ዝርያ በጀርመንና በፖላንድ ከኃይል ማመንጫ በሚወጣ ሞቃት ውሃ ውስጥ ሰፍሮ ተገኝቷል። ጣና ግን ማሞቂያ አያሻውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይመቸዋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ሐይቅ፣ በ2004 ዓ.ም. በታየበት እምቦጭ እስከ ዛሬ ፍዳውን እየበላ ነው፤ ሌላ እንግዳ አያስፈልገውም። ሲቀየር የሚወጣው ውሃ ናይትሬት ስላለው ለአበባ መደብ ወይም ለጓሮ ጎመን ይፍሰስ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ግን አይደፋ። ምክንያቱም የቼሪ ሽሪምፕ ግልገል ሲፈለፈል ሙሉ ሽሪምፕ ሆኖ ነው፤ ቁመቱም 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጥርት ካለ ባልዲ ውስጥ እንኳ ከዓይን ያመልጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአኳሪየም ወዳጆች ነን፣ ከባሕር ዳር