ስለ 3 ዶላሩ ጥያቄ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዘንድሮ ታክስ ልታሠሩ ስትመጡ «ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ፈንድ 3 ዶላር እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብለን ጠይቀናችኋል። «ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡን» ብላችሁ የተቆጣችሁ አላችሁ። «ዋጋ የጨመሩት ለዚህ ነው» የሚል ወሬም ሰምተናል። ቅር ያላችሁን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጥያቄው ግን የእኛ አይደለም። 1040 በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የገቢ ታክስ ቅጽ ላይ፣ ከስማችሁና ከአድራሻችሁ አጠገብ ያለ ነው። ያመጣው በ1971 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ነው። ያኔ 1 ዶላር ነበር፤ በ1993 ወደ 3 ከፍ አለ። «አዎ» ስላላችሁ ታክሳችሁ አይጨምርም፣ ሪፈንዳችሁም (የሚመለስላችሁ ገንዘብ) አይቀንስም። መንግሥት ከሰበሰበው ታክስ ላይ 3 ዶላር ለፕሬዚዳንት እጩዎች የምርጫ ዘመቻ ወደሚውለው ፈንድ ያዞራል፣ በቃ። ባልና ሚስት አብረው ቢያስገቡም የሚመርጡት ለየራሳቸው ነው። ለዚህ ፓርቲ ይሁን ማለት አይቻልም። ግሪን ካርድ ያላችሁም አትስጉ፤ «አዎ» ማለት ድምፅ መስጠት አይደለም። ገንዘቡ በእኛ እጅ አያልፍም።

«ታዲያ ዝም ብላችሁ ባዶ ብትተዉትስ?» ያላችሁን እንረዳለን። ለእኛም ጊዜ ይቆጥብልን ነበር። ግን ሪተርኑ (ተሞልቶ የሚገባው የታክስ ቅጽ) ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ሳንጠይቅ በእናንተ ስም መመለስ አንወድም። «አይ» ብትሉም አይገርመንም። በ2008ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ባራክ ኦባማ የፈንዱን ገንዘብ አልወስድም ሲሉ ተፎካካሪያቸው ጆን ማኬይን 84 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወስደዋል። ከእሳቸው በኋላ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እጩዎች ለዋናው ምርጫ የነካው የለም።

ዋጋ መጨመራችን እውነት ነው። የቢሮ ኪራይ ጨመረ፣ የሶፍትዌሩም ክፍያ እንዲሁ። እስከቻልን ችለነው ነበር። ሁለቱ ነገር በአንድ ሰሞን ገጠመና ታማን።

እውነቱን ልናገር፣ ወሬው ከፍቶኛል። ይህን ሥራ የጀመርኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ ማታ ከሥራ ወጥተው ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው የሚመጡ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ዛሬ ልጆቻቸውም እኛ ጋ ነው የሚያሠሩት። ለ3 ዶላር ብዬ እናንተን የማስቀይም ሰው አይደለሁም።

ከእንግዲህ ጥያቄውን በአማርኛ ጽፈን ከቀጠሯችሁ በፊት በስልካችሁ እንልካለን። ዝም ካላችሁ ባዶ ይቀራል። ተቀይማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሄዳችሁም ደውሉልን፤ የታክስ ማስገቢያው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ሳይደርስ እንጨርስላችኋለን።

የቢሮው ባለቤት