አጥንቱ ትንሽ ሸሽቷል

ሰይዶ ወንድሜ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም። ስትደውል አላነሳሁም፣ ከዚያ መልሼ ልደውል ስል ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። ይቅር በለኝ። ባለፈው ሳምንት ደሴ መጥቼ ነበር፣ በፒያሳ ሳልፍ ሱቅህ አጠገብ ደርሼ እግሬ እምቢ አለኝና ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የምነግርህ ነገር አለ።

የመጣሁት ጥርሴን ልታይ ነው። አላመመኝም። ደሙን ግን ታውቀዋለህ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ጠዋት በዚያ ብርድ ደጅ ቆመን ጥርሳችንን ስንቦርሽ አንተም እኔም ደም እንተፋ ነበር፤ ቡርሹ ሻካራ ሆኖ ነው እያልን እናልፈዋለን። ሐኪሟ በድዴና በጥርሴ መሀል ቀጭን መለኪያ እያስገባች ቁጥር ትጠራለች። ጤነኛ ድድ ላይ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም። የእኔ ከላይ በቀኝ፣ መንጋጋ ጥርሶቹ ጋ፣ 4 አለች። ራጁ ላይ ደግሞ የላይኛው መንጋጋዬ አጥንት ከጥርሱ አንገት ሸሽቷል። «ቀላል ነው፣ ገና ጅምር ነው» ስትለኝ ተንፈስ አልኩ። ወዲያው ግን «የሄደው በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፣ የቀረውን ነው የምናድነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድድ ስር የሚቀረው ቆሻሻ በደንብ ካልጸዳ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቡርሽ አይነቅለውም። ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል። ሰውነት ጀርሙን ሊዋጋ የተነሳው ቁጣ ሲቆይ የራሱን አጥንት ይበላል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ያውም ያለ ሕመም። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ደግሞ ከታችኛው የሳሳ ነው አለችኝ።

አባቴ ትዝ አለኝ። አንድም ጥርሱ ሳይቦረቦር እየተነቃነቀ በየተራ ሲወልቅ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። ገና 55 ዓመቱ ነበር እኮ ሰይዶ! እንጀራውን በወጥ አርሶ አርሶ ሲበላ እያየን ማንም ሐኪም ቤት እንውሰደው አላለም። ያ አሁን ነው የቆጨኝ።

የቀኙን ጎን አደንዝዛ ከድዱ በላይም ከስርም አጸዳችልኝ። ግራው ሐሙስ ነው። ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ትለካኛለች፣ ቀጥሎ በየሦስት ወሩ መታየት አለብኝ። ቡርሹን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጌ ቀስ ብዬ እንድቦርሽ አሳየችኝ፤ ለጥርስ መሀል የምትገባ ትንሽዬ ቡርሽም ገዛሁ። መፋቂያ አልተውኩም፣ ደግሞም ጥሩ ነው፣ ግን መሀል መሀሉን አይደርስበትም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ሲጋራውን ተውከው? ካልተውክ፣ ደሙ ቆሟል ብትለኝ እንኳ አላምንህም። ሲጋራ የድዱን የደም ስር ስለሚያጠበው ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ላይደማ ይችላል፣ አጥንቱ ግን ከማያጨስ ሰው ቶሎ ይሸሻል። እማማም ስኳር አለባቸው። አንተም ስኳርህን ተለካ፣ እሳቸውንም ድዳቸውን አሳያቸው፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ ይብሳል፣ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ አልወርድ ይላል። ጥርሳቸው መነቃነቅ ከጀመረ አንድ ቀን አታሳድር።

ሐሙስ በጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ከሦስት ሰዓት በፊት ሱቅህ እደርሳለሁ። በዚህ ጊዜ አልመለስም። ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነው፣ ሱቁን ለልጁ ተውለትና አብረን እንሂድ፤ ያንተንም ትለካዋለች።