የአያቷን ታሪክ ስፉላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

«ለልጅዎ ያንብቡላት» የሚለው ምክር ከአምዶቻችሁ አይጠፋም። እንዴት እንደሚነበብላት ግን ብዙም አይነገርም፤ ጣጣው ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ አስቀምጦ ገጹን ከላይ እስከ ታች መወጣት ድካም ብቻ ነው። ገጹን ራሷ ትግለጥ፤ በየሁለት ገጹ አንድ ጥያቄ ይበቃታል። «ይህ ምንድን ነው?» ሲደጋገም ፈተና ይሆንባታል፤ «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» ግን ወሬ ያስጀምራታል። ከጠየቁ በኋላ በልብ እስከ አምስት እየቆጠሩ ዝም ማለት ነው፤ ብዙ ወላጅ ሁለት ሳይሞላ ራሱ ይመልሳል። «ውሻ ሮጠ» ካለች «አዎ፣ ጥቁሩ ውሻ ዝናቡን ፈርቶ ሮጠ» ብሎ ማስረዘም እንጂ አነጋገሯን ማረም አያስፈልግም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ለአንድ ወር እንዲህ ያነበቡላቸው ሕፃናት በንግግር ከሌሎቹ ልቀው ተገኝተዋል።

የቤተሰብ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ግን ይጠር። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ችግር። እናቷ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት የማንን ጫማ እንዳደረገች ይነገራት፤ የዘር ሐረጉ ይቆይ። «በእኛ ጊዜ እኮ…» የሚል ተግሣጽ የገባበት ታሪክ ግን አለቀለት፤ ልጅቷ ተነሥታ ትሄዳለች።

ታሪኩን ሰምታ መልሳ ስትተርከው መጽሐፍ ይሠራላት። አራት የኤ4 ወረቀት ደርቦ መሐል ለመሐል ሲያጥፉት 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ፊትና ጀርባው ሽፋን ሲሆን 14 ይቀራል። በየገጹ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከእሷ አፍ እንደወጣ ይጻፍ። «አያቴ ዝሆን የሚያክል ውሻ አዩ» ካለች እንደዚያው፣ አያትየው ቅር ቢላቸውም።

በስቴፕለር መምታት ይቀላል፤ ሽቦው ሲላቀቅ ግን ጣት ይወጋል፣ አፍም ይገባል። መስፋት ይሻላል። እጥፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ ይበሳል፦ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ወረቀቶቹን ለየብቻ የበሳ ሰው ቀዳዳው አይገጥምለትም። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይዞ መርፌውን ከውስጥ በመሐሉ ማውጣት፣ በላይኛው ማስገባት፣ መሐሉን ዘሎ በታችኛው ማውጣት፣ ተመልሶ በመሐሉ ማስገባት ነው። ሁለቱ ጫፎች ከረጅሙ ክር ግራና ቀኝ ይሆኑና በላዩ ላይ ይቋጠራሉ። ክሩ በእጥፉ አቅጣጫ ይጥበቅ፤ ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱን ይቀደዋል።

ፎቶ የሚለጠፍ ከሆነ ቅጂው ይለጠፍ፤ ዋናው አንዴ ከተጣበቀ ሳይቀደድ አይነሣም። ፈሳሽ ሙጫም ገጹን ስለሚያኮማትረው ደረቁን መጠቀም ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን