ጉዳዩ፦ ስለ ተበላብን ግማሽ ቀን

ነሐሴ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለጉዞ ወኪሉ
ባሕር ዳር ቅርንጫፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሐምሌ 9 እስከ 12 በእናንተ በኩል ጅቡቲ ደርሰን የተመለስን ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ እኅቴና እናታችን። በነፍስ ወከፍ 18,500 ብር፣ በድምሩ 55,500 ብር ከፍለናል።

መጀመሪያ ደረሰኙን ላንሳ። ገንዘብ ተቀባይዋ «የባሕር ዳር ከተማ ጉብኝት» ብላ ነው የጻፈችው። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ማለቷ መሆኑ ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ደውዬ ቅሬታ አለኝ ስል፣ ስልኩን ያነሳው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና «ጣና ላይ ጀልባው አልተመቻችሁም እንዴ?» አለኝ። ከማርቆስ ተነስቼ ባሕር ዳርን ለማየት 18,500 ብር የምከፍለው ምን ነክቶኝ ነው? እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «እንደውላለን» አለኝ። ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈው። ለዚህ ነው ወደ ወረቀት የመጣሁት።

ለምን እንደሄድን ቢሯችሁ ተቀምጬ ነግሬያችኋለሁ። አሁንም ልድገመው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ማርቆስ ተወልዶ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ተቀጠረ፣ ከዚያ ጅቡቲ መደቡት። እናቴ ወርዳ የተቀላቀለችው በ1971 ዓ.ም. ነው። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔና እኅቴ እዚያ ተወለድን። በ1979 ጓዛችንን ጠቅልለን ተመለስን። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ ከተዝካሩ ወዲህ የምታነሳው አንድ ነገር ነበር። ጅቡቲ የኖርንበትን ያንን ቤት አንዴ ማየት።

ስለዚህ ለሠራተኛችሁ «ሌላው ቢቀር ይቅር፣ ከተማው ውስጥ ግማሽ ቀን ለራሳችን ይሁን» አልኳት። እሺ አለች። የታተመው ፕሮግራም ላይ በራሷ እስክሪብቶ «ሐምሌ 11 ከሰዓት በኋላ፣ ነጻ ጊዜ» ብላ ጨመረችልን። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። እኛ የገዛነው ያችን ግማሽ ቀን ነው። ሌላው ምርቃት ነበር።

ወቅቱንም የመረጣችሁልን እናንተ ናችሁ። «ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሐምሌ ይሻላል» አላችሁን። እናቴ «ሐምሌ ላይማ ጅቡቲ ዶሮ እንኳ ከጥላ አይወጣም» ብላን ነበር። እኛ የታተመ ወረቀት አመንን። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አሸዋ እያነሳ ፊት ላይ ይበትናል። አቅም ያለው የአገሩ ሰው ራሱ በዚህ ጊዜ ከተማውን ጥሎ ይወጣል። የእናንተ የዕቃ ዝርዝር ግን ተራ ቁጥር 6 ላይ «ሹራብ ወይም ጃኬት» ይላል። ማርቆስ ጋቢ ደርባ የምትውለው እኅቴ ሁለት ሹራብ ይዛ ሄዳ ሁለቱንም እንደ ታጠፉ መለሰቻቸው። «የዓባይ በረሃ ለካ ደጋ ኖሯል» አለች።

ባቡሩን አልወቅስም። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ግን ወረቀታችሁ «ባቡሩ ባሕሩ ዳር ያወርዳችኋል» ይላል። ይህ የድሮው ባቡር ነው። ያ ነበር ከተማው ውስጥ ገብቶ የሚያቆመው። አዲሱ የሚያቆመው ነጋድ፣ ከከተማው ውጭ ነው። እናቴ ጣቢያ ሁሉ ለእሷ ለገሃር ነው፤ ከባቡሩ ወርዳ በጨለማ ዙሪያውን አየችና «ለገሃሩን ማን ወሰደው?» አለች። የሚቀበለን መኪና እስኪመጣ እዚያው ሻንጣ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

«ባሕር የሚያይ ክፍል» የተባለው መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። ግድግዳው ላይ አምስት የኤሲ ሳጥን ተደርድሮ ቀን ከሌት ያንጠባጥባል። የእኛው ኤሲ ሌሊት እየጠፋ ይነሳል። እናቴ ግን ንጋት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥታ፣ በውኃ ታንከሮቹ መካከል በመቀነት ስፋት ባሕር አገኘች። የባሕር እይታችን ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ሐምሌ 10 አሳል ሐይቅ የምንሄድበት ቀን ነበር። መኪናው ተበላሸ። መኪና ይበላሻል፣ በዚህ አልቀየምም። የተቀየምኩት አስጎብኚያችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ «አሁን ይመጣል፣ ከዚህ እንዳትርቁ» እያለ ሆቴሉ በር ላይ ሲያስቀምጠን በመዋሉ ነው። ቀርቷል ቢለን ያን ቀን ሙሉ ለቤታችን እናውለው ነበር። ማታ ላይ «ነገ እንሄዳለን» አለ። ነገ ደግሞ ያቺ በእስክሪብቶ የተጻፈችው ቀን ናት።

ወረቀቱን አሳየሁት። «በእጅ የተጨመረ አይቆጠርም» አለኝ። በእጅ የጨመረችው የእናንተው ሠራተኛ ናት።

አሳልን አየን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው ተባልን። ከማርቆስ ከፍታ ለመጣ ሰው ጆሮ ይደፍናል። ዳርቻው በረዶ የዘነበበት ይመስላል፣ ነጭ ጨው ብቻ። እናቴ ከመኪናው አልወረደችም። «አያቴ በአሞሌ ስትገበያይ ነው ያደግሁት፤ ጨው ለማየት አልመጣሁም» አለች። ውብ ቦታ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እወደው ነበር። ግን ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለስም አለ።

ከተማ ስንገባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። አስጎብኚው ምኒልክ አደባባይ አወረደንና «ሩብ ሰዓት አላችሁ» አለ። አደባባዩ በሕግ ስሙ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ነው፤ አስጎብኚያችሁ ምኒልክ የሚለውን ስም የሰማው ከእናቴ ነው። እሱም ጅቡቲን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። እናቴ የሐሙዲ መስጊድን ሚናራ ፈልጋ አገኘች። እሱን በቀኝ ትከሻዋ አድርጋ ፊት ፊት ሄደች። እኛ ከኋላ።

ቤቱ አለ። ከሥሩ ያለው ቅስት ሁሉ እንዳለ ነው። ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረበት የሞባይል ካርድ ይሸጣል። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ልስኑ እንደ ዱቄት በእጇ ቀረ። በምላሷ ነካ አደረገችው። «ጨው ነው። የባሕሩ ነው። አባታችሁ በየዓመቱ ኖራ ይቀባው ነበር፣ በየዓመቱም ይበላዋል» አለች። ይኼኔ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ በረንዳው ላይ ብቅ አለች። እናቴ ከድሮው ሶማሊኛዋ አንድ ሁለት ቃል ወረወረችላት። ሴትዮዋ ሳቀች። በእጇ «ነይ ወደ ላይ፣ ውጪ» አለቻት።

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። አስጎብኚው ከመንገዱ ጫፍ «እማማ፣ ፈጠን ይበሉ!» እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ ሌላ ሥራ አለበት ተባልን። እናቴ የሰው ጉዳይ ማስተጓጎል አትወድም። ለሴትዮዋ እጇን አውለበለበችላትና ተመለሰች። ደረጃውን ሳትወጣ። በማግስቱ ጠዋት ባቡር ነበረን።

ደግ ነገርም ላንሳ፣ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። ያን ማታ በራሳችን ኪስ የየመን ዓሣ በላን። ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ ሸክላ ምድጃ ውስጥ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ፣ ጠርዙ ያረረ፣ በትልቅ ቂጣ የሚበላ። እናቴ አጥንቱን ሳይቀር ለቀመችው። እናንተ በዚህ የላችሁበትም።

የምጠይቀው ይህን ነው። በገባችሁት ቃል መሠረት ያልተሰጠን የባሕር እይታ ክፍል ልዩነቱ ይመለስልን። የሐምሌ 11 ግማሽ ቀን ደግሞ በብር አይተመንም፣ ስለዚህ በዓይነት መልሱልን። ከጥቅምት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ለእናቴና ለአንዳችን የደርሶ መልስ ትኬትና የሁለት ሌሊት ማረፊያ። አስጎብኚ አያስፈልገንም፤ መንገዱን እሷ ታውቀዋለች። እስከ ነሐሴ 20 በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልመጣ የፕሮግራሙንና የደረሰኙን ቅጂ ይዤ ወደ ሚመለከተው የሸማቾች መብት ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

መልሱን ስትጽፉ አደራ፣ ጉዳዩ ላይ «ጅቡቲ» በሉ። ሹራቡንም ከዝርዝሩ አውጡት።

ከሰላምታ ጋር
የደብረ ማርቆስ ደንበኛችሁ