ጣሪያው የተቆረጠ ሜርኩሪ፦ የሞዴል መኪና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አምና በዚሁ ገጽ ያቀረብኩትን ዘገባ ያነበበ ሰው ቅሬታዬን ያስታውሳል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ባለው ክበባችን ሰባት ልጆች ሰባት ቀይ የፕላስቲክ ሙስታንግ ገጣጠሙ። ለዓመቱ መዝጊያ ጠረጴዛ ላይ ስንደረድራቸው የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ከሥራቸው ስም መለጠፍ ነበረብን። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው መመሪያ «14ን ከ15 ጋር አጣብቅ» ይላል፤ ልጁም ያጣብቃል፤ አለቀ። እኔ በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ስሠራ መመሪያ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ የጓደኛዬ መኪና ከእኔው ጋር ተመሳስሎ አያውቅም። ብዙ ጊዜ የእሱ ይሻል ነበር።

ዘንድሮ በ14 ልጆች ጀምረን በ11 ጨረስን። ሦስቱ ቅዳሜያቸውን ለእግር ኳስ ሰጡ፤ አልተቀየምናቸውም። ነገሩን የለወጠው በጥቅምት ከአንድ ያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ውስጥ አውጥቶ ከሚሸጥበት) በ12 ዶላር የገዛሁት አንድ ካርቶን አሮጌ መጽሔት ነው። «ሆት ሮድ» አለ፣ «ካር ክራፍት» አለ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው ትንሹ «ሮድ ኤንድ ከስተም» አለ፤ አብዛኞቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1950ዎቹ ናቸው። አንዲት እናት «ጋሼ፣ ይሄ አቧራ ልጄን ያስነጥሰዋል» ስላሉኝ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አናፈስኳቸው።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ፎርድ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ተራ ሰው በሚገዛው መኪና ላይ ገጠመው። መኪናው አርጅቶ ሲረክስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጎረምሶች እየገዙ፣ ፓራፋንጎውን እየነቀሉ፣ ሞተሩን እየነካኩ እንደ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙበት ጀመር። ሆት ሮድ ይሄ ነው። ከስተም የሚባለው ደግሞ ለፍጥነት ሳይሆን ለውበት የሚቆረጥ የሚቀጠል መኪና ነው። የእኛ ልጆች ልብ የሄደው ወደ ሁለተኛው ነው።

አንድ ቅዳሜ አንዷ ተማሪ ከመጽሔቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ስታነብ ቆይታ ቀና አለችና «ቲቸር፣ ፒተርሰን ይላል። ሙዚየሙ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሮበርት ፒተርሰን «ሆት ሮድ»ን በጥር 1948 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ጀምሮ አንዱን ቅጂ በ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በ1994 የተከፈተውን የመኪና ሙዚየም የመሠረተውም እሱ ነው። እንጀራ ከምንገዛባት ከትንሿ ኢትዮጵያ ተነስቶ የፌርፋክስን መንገድ ሽቅብ ለሄደ ሰው እዚያው የዊልሸር መንገድ ማዕዘን ላይ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን በቀይና በብር ጥብጣብ የተጠመጠመ ሕንፃ ልጆቹ ሁልጊዜ በመኪና ያልፉታል። በየካቲት ሰብሰብ ብለን በእግራችን ሄድን። ሦስቱ ልጆች ከመኪናዎቹ ይልቅ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውበት ነው ለወላጆቻቸው ያወሩት፤ ያም ሆኖ ጥሩ ቀን ነበር።

መጽሔቶቹ ውስጥ በጣም የጠቀሙን ያለቀላቸውና የሚያብረቀርቁት መኪኖች አይደሉም። በሥራ መሀል የተነሱት ፎቶዎች ናቸው፦ ጣሪያው ወልቆ መሬት የተቀመጠ መኪና፣ ብረቱ ላይ የተለጠፈ የመቁረጫ መስመር፣ መጋዝ የያዘ የሰው እጅ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሊንውድ ውስጥ ጋራዥ የነበራቸው የባሪስ ወንድማማቾች ለዚህ ዋና ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሳም ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ጆርጅ ደግሞ ከመኪናው ሥራ ሌላ ፎቶ ያነሳል፣ ለመጽሔቶቹም ይጽፋል። ሥራውን «ከስተም» ሲሉት በሲ ፊደል ፈንታ በኬ ይጽፉት ነበር። የፊደል መምህር ነኝና አልወደድኩላቸውም። ልጆቹ ግን «ታዲያ እኛስ ሀ እና ሐ እና ኀ አለን አይደል?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ከሁሉም የተወደደው ቦብ ሂሮሃታ ለተባለ የጃፓን ዝርያ ላለው ወጣት የሠሩለት የ1951 ሜርኩሪ ነው። ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ በጎን መስኮቶቹ መሀል ያለው ምሰሶ ጠፍቷል፣ የመስኮቱ ጠርዝ ጎብጧል፤ ቀለሙ ከላይ ፈዛዛ፣ ከታች ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ሂሮሃታ በ1953 ይህንኑ መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ኢንዲያናፖሊስ ነድቶ ጉዞውን ራሱ ጻፈው። መኪናው ዛሬ በአሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ውስጥ አለ፤ በ2022 ጨረታ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ልጆቹ ይህን ቁጥር ሲሰሙ ለሥራቸው ድንገት ትጋት መጣላቸው።

የክበባችን ደንብ በአማርኛ ብቻ መነጋገር ነው። ታዲያ የቁረጣውን ቋንቋ ከየት እናምጣው? ጣሪያ ዝቅ ማድረግን «መጎመድ» አልነው። ቦዲውን ወደ ሻንሲው ማውረድ «ማስመጥ» ሆነ። የፊት መብራትን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጠርዙን ማለስለስ «መቅበር» ተባለ። በዚያ ዘመን የብየዳውን ስፌት የሚሸፍኑት በቀለጠ እርሳስ ነበር ስል፣ አንዱ ትንሽ ልጅ የሚጽፍበትን እርሳስ ወደ ላይ አነሳና «በዚህ?» አለ። ሁለቱ በአማርኛ አንድ ስም እንዳላቸው ለማስረዳት ቀሪው ክፍለ ጊዜ ሄደ።

በዚህ መሀል የአንዷ ተማሪ አያት መጡልን። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመት የላሜራ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው አፍ ኮፈን፣ እስፖርቴሎ፣ ቸርኬ፣ ስቱኮ እየተባለ ሲወጣ ልጆቹ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ቃላቱ ከጣሊያን የመጡ መሆናቸውን ስነግራቸው «ታዲያ ደንቡ ተጣሰ ማለት ነው?» ብለው ከሰሱን። አባባ የአንዱን ልጅ ሞዴል አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ልጁ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከረ ፈግፍጎ ጨርሻለሁ ያለው ነው። «ዓይንህን ጨፍን የኔ ልጅ። አሁን ዳብሰው። የት ላይ ነው የሚይዝህ?» ልጁ ኮፈኑ ጥግ ላይ ቆመ። ዓይኑን ሲገልጥ ምንም አይታየውም። ሌላ ሁለት ቅዳሜ ፈገፈገ።

ስህተታችን ብዙ ነው። የከረሜላ ቀለም የሚባለው ከሥር ብር ወይም ወርቅ ተቀብቶ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ የሚደረብበት ነው። አንዱ ልጅ መሠረቱን ሳይቀባ በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ ላከር የሚባለውን ቀለም ነፋበት። ወዲያው እንደ ደረቀ ረግረግ ተሰነጣጠቀ። ሌላዋ ፓራብሬዛውን በሱፐር ግሉ አጣበቀችና ከሙጫው የወጣው ትነት መስታወቱን ጉም አለበሰው። የከስተም መኪና ሠሪው የኤድ ሮት «ቢትኒክ ባንዲት» የማረካቸው ሁለት ወንዶች ደግሞ አሉ፤ ከፋይበርግላስ ተሠርቶ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ አረፋ የተደፋበት፣ መሪ በማንሻ እንጂ በክብ እጀታ የማይዞርበት መኪና ነው። እኔ ለዓይኔ አይመቸኝም፣ መኪና ሳይሆን የዓሣ ገንዳ ይመስለኛል። እነሱ ግን የገና ዛፍ ኳስ ለሁለት ሰንጥቀው አረፋውን ሠሩት። በደንብ ገጠመ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከጣሪያው ነው። ሞዴሎቻችን የእውነተኛውን 25ኛ እጅ ያክላሉ። አራት ኢንች ለመጎመድ ከፈለግን አሥር ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ለ25 ሲካፈል አራት ሚሊሜትር። ሜርኩሪውን የመረጠው ልጅ ሂሳቡን በትክክል ሠራ፣ ከሁሉም ምሰሶ አራት አራት ሚሊሜትር ቆረጠ። ጣሪያውን ሲያስቀምጠው አልደረሰም። የ1932ቱ ፎርድ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ቢቆረጥም ይገጥማል። የሜርኩሪው ግን ከፊትም ከኋላም የተጋደመ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ምሰሶዎቹ ይራራቃሉ፣ ጣሪያው ያጥራል። ወይ ጣሪያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ማስረዘም፣ ወይ ምሰሶውን ማጋደል ግድ ነው። ልጁ ሊያለቅስ ሲል መጽሔቱን ከፍቼ ያንኑ ክፍተት በእውነተኛው ብረት ላይ አሳየሁት። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውዬ ወገቡን ይዞ ቆሟል።

በሰኔው ኤግዚቢሽን 11 መኪኖች ቀረቡ፤ የማንም ስም ከሥር መለጠፍ አላስፈለገም። ከሁሉም ይበልጥ ሰው ቆሞ ያያት የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሥራ ናት። የመረጠችው መኪና ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለሙ የትም አልተጻፈም። እሷም መኪናውን በግራጫ ቀባችው፤ ጥላው ያረፈበትን ጠቆር፣ ፀሐይ የመታውን ነጣ አድርጋ፣ ልክ ገጹ ላይ እንዳለው። መጀመሪያ ስታሳየኝ ቀለም ገና አልጨረስሽም ብያት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ለሚመጣው ዓመት 400 እና 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልቆብናል፣ ቤታችሁ ያለ አምጡልን። የገና ኳስም እንቀበላለን። ያ ሜርኩሪ አሁንም ጣሪያው በላስቲክ ታስሮ ነው ያለው። ልጁ ክረምቱን ቤት ወስጄ ልሥራው ብሎኝ ፈቅጄለታለሁ፤ መጋዟን ግን አልሰጠሁትም።