ሻንጣው ሲከፈት ወረቀት ይግባበት

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለአየር መንገዱ የሻንጣ አገልግሎት መምሪያ
ግልባጭ፦ በመሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ለሻንጣ ፍተሻ ክፍል

ጉዳዩ፦ ለፍተሻ ተከፍተው ሳይመዘገቡና ሳይታሸጉ ስለሚላኩ ሻንጣዎች

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቲኬት በመቁረጥና የመንገደኛ ጓዝ በማሰናዳት የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ወደ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ለሥራ የሚሄዱ የወሎ ልጆች፣ እነሱንም ሊጠይቁ የሚጓዙ እናቶች ናቸው። ይህን የምንጽፈው ፍተሻው ይቅርልን ለማለት አይደለም። በዓለም አቀፍ በረራ በአውሮፕላን ሆድ የሚጫን ሻንጣ ሁሉ መፈተሽ እንዳለበት እናውቃለን፤ ደንቡ ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ነው። የከፋን ሻንጣው ተከፍቶ፣ ቁልፉ ተቆርጦ፣ ዕቃው ተዘበራርቆ፣ ማን እንደከፈተው የምትናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሳትገባበት መላኩ ነው። ባለቤቱ ደርሶ ሲያመለክት አየር መንገዱ «የከፈተው ፍተሻ ነው» ይለዋል፤ ፍተሻው ደግሞ «ሻንጣው የአየር መንገዱ አደራ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

የወሎ ሻንጣ ለምን ቶሎ እንደሚከፈት አናጣውም። የኤክስሬዩ ማሽን ማርን፣ ቅቤን፣ በሶንና በርበሬን ብርቱካናማ፣ ብረትን ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። አምስት ኪሎ ማር በሦስት ኪሎ ቅቤ ላይ ተጭኖ፣ ከላይ ደግሞ የተፈጨ ቡና ሲደረብበት ምስሉ ይጠቁርና ከሥር ያለው አይታይም። ማርና ቅቤን የመሰለ እምቅ ያለ ምግብ በማሽኑ ዓይን ከፕላስቲክ ፈንጂ ጋር ስለሚቀራረብም ፈታሹ ከፍቶ ማየት ግዴታው ይሆናል። ሻንጣውን በጨርቅ ጠርጎ የፈንጂ ርዝራዥ የሚያነፈንፈው መሣሪያም ቢሆን ግሊሰሪን ያለው ቅባትና የአፈር ማዳበሪያ ብናኝ ሊያስጮኹት ይችላሉ። ከገጠር በማዳበሪያ ከረጢት የመጣ እህል እንዳለ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ የምንከለክለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የበኩላችንን እናደርጋለን። ማርና ቅቤ ጎን ለጎን እንጂ ተደራርበው አይቀመጡም። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ወጥቶ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ ላይተርና ክብሪትም ከሻንጣው ይወጣሉ። ዱቄት ነክ ነገር እያንዳንዱ በሚያሳይ ፌስታል ይሆንና ስሙ በወረቀት ይለጠፍበታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ፈታሹ ሳይቸገር እንዲያይ ነው። የሚደርሰን ግን የሚከተለው ነው።

በርበሬ በሁለት ፌስታል ተደርጎ አፉ ይቋጠራል፣ ከዚያ በፕላስተር ይጠመጠማል። ቋጠሮውን መፍታት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፈታሹ ግን ቋጠሮውን ትቶ ጎኑን በምላጭ ይቀደዋል፤ ያየውን ካየ በኋላም ቀዳዳውን ሳይለጥፍ እንደነበረ ይመልሰዋል። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሦስት ኪሎ በርበሬን ለማፍሰስ ትበቃለች። ሥሩ የተነጠፈው ነጭ ጋቢ ነው፤ በርበሬው ከቅቤው ወዝ ጋር ከተገናኘ ያ ጋቢ ታጥቦ አይለቅም። ጀበናም እንዲሁ ነው። ሆዱን በጨርቅ ሞልተን፣ አንገቱንና እጀታውን በፎጣ ጠምጥመን መሐል ላይ እናስቀምጠዋለን። ፎጣው ተፈትቶ፣ ጀበናው ባዶውን ከሻንጣው ጠርዝ ላይ ሲጣል በመጀመሪያው ውርወራ አንገቱ ይቀነጠሳል።

ለማር መፍሰስ የሚሰጠን መልስ «የአየር ግፊት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ደሴ ላይ ለተከደነ ማር አይሠራም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የመንገደኛ አውሮፕላን ደግሞ ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ በመደበኛ በረራ የውስጡ አየር በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ሆኖ ነው የተሠራው፤ የሻንጣው ክፍልም ያንኑ ግፊት ይጋራል። ጦሳ ተራራ ሥር የታሸገ ዕቃ ሰማይ ላይ ከደሴ አየር የባሰ ስስ አየር አያጋጥመውም ማለት ነው። ጅዳ ባሕር ዳር ሲወርድማ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል እንጂ ወደ ውጭ አይፈነዳም። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል እዚያ በተከደነ ማር ላይ ክርክር ሊነሳ ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን ማሩን የምናሽገው ደሴ ነው፣ ያውም ከአፉ ሁለት ጣት አጉድለን። ክዳኑ ላልቶ፣ ፕላስተሩ ተልጦ የሚደርስ ዕቃ የነካው የሰው እጅ ነው።

ስለ ጉድለትም እንናገር። መንገደኛው ሲመዘን የሻንጣው ቁጥርና ኪሎ ይመዘገባል፤ የታጉ ቁራጭም በእጁ ይቀራል። 23 ኪሎ ሆኖ የገባ ሻንጣ 19 ኪሎ ሆኖ ከደረሰ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ሆኖም በመድረሻው ያሉ የሻንጣ ሠራተኞች «እዚህ ሚዛን የለም፣ ውጣና አመልክት» እያሉ ሰውን ያሰናብታሉ። ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ ደግሞ «ለምን ሳትወጣ አላስመዘገብክም» ይባላል። አንድ ሻንጣ ሚዛን ላይ ማውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ አሠራር መንገደኛውን ሆን ብሎ ማስረጃ ማሳጣት ነው የሚመስለን።

ስለ ካሳውም ለደንበኞቻችን በኪሎ 20 ዶላር እየተባለ ይነገራቸዋል። ይህ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት ይወስን የነበረው የድሮው የዋርሶ ስምምነት ስሌት ነው። ኢትዮጵያም፣ ሳዑዲ አረቢያም፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም፣ ሊባኖስም እሱን የተካው የእ.ኤ.አ. 1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። በዚያ ስምምነት ጣሪያው በኪሎ አይሰላም፤ ለአንድ መንገደኛ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮም 1519 ልዩ የመውጫ መብት (ኤስዲአር የሚባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ሆኗል፤ ከ2000 የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። አንቀጽ 17 እንደሚለው፣ ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ ወይም እንከን ካልመጣ በቀር፣ ሻንጣው በአየር መንገዱ እጅ ሳለ ለደረሰበት ጥፋት ተጠያቂው አየር መንገዱ ነው። «የከፈተው ሌላ ነው» የሚለው ቃል በእናንተና በፍተሻው መካከል የሚጨረስ ሒሳብ እንጂ መንገደኛውን የሚያንከራትት መሆን አልነበረበትም።

የሰባት ቀኑ ነገር በተለይ ያንገበግበናል። ለተበላሸ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ሻንጣውን በተረከቡ በሰባት ቀን ውስጥ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከቤት የምትወጣበት ቀን የላትም፤ ስልኳም ብዙ ጊዜ በእጇ አይሆንም። የሚሰጣት ቅጽ ደግሞ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ብቻ ነው። ቀኑ ያልፋል፣ መብቷም አብሮ ያልፋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሻንጣ በእጅ በተፈተሸ ቁጥር ቀኑ፣ ሰዓቱና የፈታሹ መለያ ቁጥር ያለበት የታተመ ወረቀት በአማርኛም ተጽፎ ውስጡ ይግባ፤ በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች እንዲህ ያለ ማሳወቂያ መተው የተለመደ ነው፣ የሚከብድም ሥራ አይደለም። ጓጉንቸር ከተቆረጠ በምትኩ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ይደረግ፤ ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ይስፈር። የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥቅል ፕላስተርና ጥቂት ንጹሕ ፌስታል ይቀመጥ፤ የተቀደደ ሁሉ ከመመለሱ በፊት ይለጠፍ። ምግብ ያለበት ፌስታል በቋጠሮው በኩል ይከፈት። መድረሻ ላይ ሚዛን ይኑር፣ የጉዳት ምዝገባውም ከአዳራሹ ሳይወጣ ይሠራ። ቅጹ በአማርኛ ይዘጋጅ፤ መንገደኛዋ ራሷ መቅረብ ካልቻለችም የታጉን ቁራጭና ፎቶ ይዞ የቀረበ ቤተሰቧ ወይም ቲኬቱን የቆረጠው ቢሮ ደሴ ላይ ሆኖ ሊያመለክትላት ይፈቀድለት።

እስካሁን የሰበሰብናቸውን የታግ ቁራጮች፣ ሻንጣው ሲታሸግና ሲደርስ የተነሱ ፎቶዎችን፣ የተመዘገበውን ኪሎም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። መልሱ በጽሑፍ እንዲደርሰን፣ በተያያዙት አቤቱታዎች ላይም ለየባለቤቱ ለየብቻ ውሳኔ እንዲሰጥ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ደሴና ኮምቦልቻ የምንገኝ የቲኬት ቢሮዎችና ጓዝ አሰናጆች