አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ጥቁሩን እዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከአያት እስከ ጣፎ፣ ከጀሞ እስከ ሰበታ መውጫ ባሉ ኳስ ማሳያ ቤቶች የፕሮጀክተሩ ምስል ሲደበዝዝ «አምፖሉ አለቀ» ማለት ተለምዷል። ብዙ ጊዜ ግን ያለቀ ነገር የለም፤ የተዛባው የጥቁርና የነጭ ልኩ ነው። አምፖል ውድ ነው። ልኩን ማስተካከል ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፣ ሳንቲምም አያስወጣም።

ፕሮጀክተር ጥቁር የሚባል ብርሃን የለውም። ማሽኑ ጠፍቶ ግድግዳው የሚታየውን ያህል ነው የሚጠቁረው፤ ከዚያ አያልፍም። ቅዳሜ 8 ሰዓት ተኩል ወይም 9 ሰዓት ተኩል ላይ (እንደ እንግሊዞች ሰዓት ለውጥ) ለሚጀምር ጨዋታ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ሁሉ ፀሐይ እየገባ ጥቁር መጠበቅ ዘበት ነው። ስለዚህ ሪሞቱን ከማንሳታችሁ በፊት ቀዳዳውን ድፈኑ፣ በሩ ላይ ድርብ መጋረጃ ስቀሉ። ግድግዳው የማያብለጨልጭ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ይቀባ። ሲንተቲክ ቀለም መሀሉ ላይ ያንጸባርቃል፤ አንሶላ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል።

ማሽኑ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይሙቅ። የምስሉን ሞድ ከ«ዳይናሚክ» አውጥታችሁ «ሲኒማ» ወይም «ስታንዳርድ» ላይ አድርጉ፤ ዳይናሚክ በብዙ ማሽኖች ነጩን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። «አውቶ አይሪስ» (እንደ ምስሉ ብርሃኑን በራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ) ካለው አጥፉት፣ አለበለዚያ እናንተ ስታስተካክሉ እሱ ከሥር ይቀያይራል።

የመፈተኛ ምስል በላፕቶፕ ፔይንት ይሠራል። በጥቁር መደብ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ 0፣ 0፣ 0) ላይ ሦስቱም ቀለሞች 4፣ 8፣ 12 እና 16 የሆኑ ካሬዎች፣ በሌላ ምስል በነጭ መደብ (255) ላይ 251፣ 247 እና 243 የሆኑ ካሬዎች ሣሉ። በፒኤንጂ አስቀምጡት፤ ጄፔግ ተቀራራቢ ጥላዎችን ያበላሻል።

ጥቁሩን የሚያነሳና የሚያወርደው «ብራይትነስ» ነው። ምስሉ ደበዘዘ ብሎ እሱን እስከ ጫፍ መግፋት ጥቁሩን አመድማ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም፤ የማሳያ ቤቶቻችን ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። ካሬዎቹ ሁሉ እስኪታዩ ከፍ አድርጉት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አውርዱና የ4ቱ ካሬ ሊጠፋ ሲል ቁሙ። ነጩ የ«ኮንትራስት» ሥራ ነው። ካሬዎቹ ከመደቡ ጋር እስኪቀላቀሉ ጨምሩ፣ 251ዱ ብቅ እስኪል መልሱ። ነጩ ሐምራዊ ወይም ቢጫ ቢጫ ካለ አንዱ ቀለም ጣሪያውን ነክቷልና ትንሽ ቀንሱ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጎታተታሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቴክኒሻን ይሳሳታል። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ጥቁሩን 0፣ ነጩን 255 አድርጎ ይልካል፤ ዲኮደርና ዲቪዲ ግን 16 እና 235 አድርገው። በፕሮጀክተሩ ሜኑ «ኤችዲኤምአይ ሬንጅ» የሚባለው «ፉል» (ከ0 እስከ 255) ላይ ሆኖ ዲኮደር ከተሰካ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ፈዛዛ ይሆናል። በተቃራኒው «ሊሚትድ» (ከ16 እስከ 235) ላይ ሆኖ ላፕቶፕ ሙሉውን ከላከ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰምጣል፣ ነጩም ይቃጠላል። መጀመሪያ ሬንጁን ሳታስተካክሉ ብራይትነስ ብትነኩ ድካም ነው። ብዙ ማሽን ልኩን ለየመሰኪያው ለብቻ ስለሚይዝ በላፕቶፑ ያገኛችሁት ለዲኮደሩ ላይሠራ ይችላል። ዲኮደሩን በጨዋታው ፈትኑት፤ ለዚህ እንደ ኒውካስል ማሊያ የሚሆን የለም። ተጫዋቹ ሲቀርብ በጥቁሩ መስመር የጨርቁ እጥፋት ከጠፋ ብራይትነስ አንሷል፤ በነጩ መስመር ከጠፋ ኮንትራስት በዝቷል።

ሌላም አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ብዙ አምራቾች ግን ከ1,500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲቲዩድ» (የከፍታ ቦታ ሞድ) እንዲበራ ያዝዛሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው መፍጠን አለበት። ይጮኻል፣ ግን አታጥፉት። የአቧራ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ሳይቀዘቅዝ አታብሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ «ኢኮ» (ብርሃን ቀናሹ) ሞድም ጠፍቶ ነጩ አሁንም ከፈዘዘ በሜኑ ውስጥ የአምፖሉን ሰዓት እዩ። አምራቹ ከሰጠው ሰዓት አልፎ ከሆነ ያኔ በእርግጥም አልቋል፤ ግዙ።

ከሰላምታ ጋር
የምስልና ድምፅ መሣሪያ ቴክኒሻን፣ ከጣፎ